የሩብ ሰዓት መንገድ በሁለት ቀን

ከብሪስቶል እስከ ባዝ በባቡር ሩብ ሰዓት ያህል ቢፈጅ ነው። እኛ ሁለት ቀን ፈጅቶብናል። ያውም የተነሳነው ከብሪስቶል ሳይሆን በመካከል ካለችው ኬንሻም ከምትባል ትንሽ ከተማ ነው። ፍልሰታ በተፈታ በሦስተኛው ቀን፣ ልጄ፣ ባለቤቷ፣ ሁለቱ የልጅ ልጆቼና እኔ፣ በላስቲክ የተጠቀለለ እንጀራ፣ ሽሮ፣ አንድ ጀበናና ስድስት ሲኒ ይዘን ኤቨን በሚባለው ወንዝ ላይ ተሳፈርን።

ጀልባዋን እንግሊዞች ናሮውቦት ይሏታል፤ ጠባብ ጀልባ ማለት ነው። ወርዷ ከ2 ሜትር እምብዛም አያልፍም፤ የእኛዋ ርዝመቷ 18 ሜትር ነበር። ከ250 ዓመት በፊት ገደማ በመካከለኛው እንግሊዝ ቦይ ሲቆፍሩ ወጪ ለመቀነስ የውሃ በሮቹን ጠባብ አደረጓቸው፤ ጀልባውም በበሩ ልክ ተሠራ። ውስጧን ኮሪደር ብቻ የሆነ ቤት አድርጋችሁ አስቡት። አልጋው፣ ምድጃው፣ መጸዳጃው፣ ሁሉም በአንድ መስመር ተሰልፏል። አንዱ እንዲያልፍ ሌላው ግድግዳ ላይ መለጠፍ አለበት። ድሮ ለጭነት በምትሠራበት ዘመን ደግሞ አብዛኛው ቦታ የድንጋይ ከሰልና የእህል ነበር። ባልና ሚስት ከነልጆቻቸው የሚኖሩት ከኋላ ባለች ሦስት ሜትር በማትሞላ ክፍል ነው። ጀልባው አንድ ቦታ ስለማይረጋ ልጆቹ ትምህርት ቤት የሚባል ነገር አያገኙም ነበር። ሠላሳ ሁለት ዓመት እንግሊዝኛ ያስተማርኩ ሰው ነኝና ከታሪኩ ሁሉ ይህ ቆረቆረኝ። (የልጅ ልጆቼ ግን እንግሊዝኛዬን ሲሰሙ ይስቃሉ። ምን ይደረጋል።)

ጉዞው ለሽርሽር ብቻ አልነበረም። ልጄ ከእኔ መልስ ትፈልግ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለቤቴ ካረፈ ሦስት ዓመት ሆነው። ባለፈው ዓመት መታጠቢያ ቤት አዳልጦኝ ወደቅሁና ክንዴ ተሰበረ። ጩኸቴን የሰማችው ጎረቤቴ ናት፤ ዕቃ እያጠበች ነበር፣ እጇን እንኳ ሳታደርቅ ደረሰችልኝ። የዕድራችን ሰዎች መኪና ፈልገው ሐኪም ቤት ወሰዱኝ። ታናሽ እህቴ መጥታ ከእኔ ጋር ተቀመጠች። ለልጄ ግን ማንም አልነገራትም። ሰው አገር ያለን ሰው፣ ያውም በፈረቃ የምትሠራና ሁለት ልጅ የምታሳድግን ሰው፣ ምን አድርጊ ተብሎ ይነገራታል? ልማዳችንን ታውቁታላችሁ። እህቴ “የስልኩ ካሜራ ተበላሽቷል” እያለች በድምፅ ብቻ አገናኘችን። ልጄ የሰማችው ጄሶው ከተፈታ በኋላ ነው። አልጮኸችም፣ አልተቆጣችም። ስልኩን ይዛ ዝም አለች። ያ ዝምታ ከክንዴ በላይ አመመኝ።

ከዚያ የስድስት ወር ቪዛ ተጠየቀልኝና ግንቦት ላይ መጣሁ። በመጣሁ በሳምንቱ “እማዬ፣ እዚሁ ቅሪ” አለችኝ። ጠበቃ አነጋግራለች። ወላጅን ለዘለቄታው ማምጣት ሕጉ በጣም የጠበቀ እንደሆነ ነግሯታል፤ እሷ ግን “ቢሆንም እንሞክራለን” ትላለች። ሦስት ወር ሙሉ ጥያቄው ቤት ውስጥ እንደ ተቀመጠ እንግዳ ሆነ። ሊነሳ ሲል ስልክ ይጮኻል፣ ልጅ ይጠራል፣ ፈረቃ ይደርሳል። ጀልባ ላይ ግን ማን የት ይሄዳል?

አማቼ ብሪስቶል ውስጥ የከተማ አውቶቡስ ይነዳል። ስለዚህ መሪው ለእሱ ተሰጠ። ነገር ግን ናሮውቦት መሪዋ ክብ አይደለም፤ ከኋላ ቆመው የሚይዙት ዘንግ ነው፤ ወደ ግራ ለመሄድ ዘንጉን ወደ ቀኝ መግፋት ያስፈልጋል። ከአሥር ቶን በላይ የሚመዝን ብረት ደግሞ ሲያዙት ቶሎ አይሰማም፤ ከሰማ በኋላ ደግሞ ቶሎ አይተውም። አማቼ በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ውስጥ ሁለት ጊዜ የአኻያ ዛፍ ውስጥ ከተተን። ትንሿ የልጅ ልጄ ፀጉሯ ውስጥ ቅጠል ሞልቶ “አባ፣ አውቶቡሱን እንዲህ ነው እንዴ የምትነዳው?” አለችው። ትልቁ፣ አሥራ ሁለት ዓመቱ ነው፣ ዘንጉን ተቀበለና ቀጥ አድርጎ ነዳው። አማቼ ወደ እኔ ዞር ብሎ “እማማ፣ ይህን ለመሥሪያ ቤቴ እንዳይነግሩብኝ” አለኝ።

ፍጥነቷ የሰው እርምጃ ያህል ነው። ዳር ዳሩን ውሻ ይዞ የሚሄድ ሰው ይቀድመናል፤ ውሻው ሲቆም ደግሞ እንቀድመዋለን።

መነሻችን አጠገብ ትልቅ ቀይ ሸክላ ሕንፃ አለ። የቸኮሌት ፋብሪካ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2011 ተዘጋ። ልጆቹ ቸኮሌት ሲሰሙ አንገታቸውን አሰገጉ። አሁን የምን ፋብሪካ ነው ብዬ ብጠይቅ ልጄ አልመለሰችልኝም፤ የመለሰልኝ አማቼ ነው፤ “የአረጋውያን መኖሪያ ሆኗል።” ሁላችንም ወደ ውሃው ተመለከትን።

አሁን ስለ ሎክ ልንገራችሁ፤ የጉዞው ዋና ነገር እሱ ነውና። ከኬንሻም ወደ ባዝ ሲኬድ ወንዙን ሽቅብ ነው የሚኬደው። ወንዙ በዝቅተኛ ግድቦች ደረጃ ደረጃ ተደርጓል። ጀልባ ግድብ አይዘልም፤ ስለዚህ በጎን በኩል ከፊትና ከኋላ በር ያለው የድንጋይ ገንዳ ተሠርቶለታል። ጀልባዋ ከታች ትገባለች፤ የኋላው በር ይዘጋል። ከዚያ የላይኛው በር መስኮቶች በታጠፈች ብረት፣ የመኪና ክሪክ እንደሚዞር እየተዞሩ ይከፈታሉ። ውሃ ይገባል፤ ጀልባዋም ከነሰዉ ቀስ እያለች ትነሳለች። ላይና ታች ያለው ውሃ እኩል ሲሆን በሩ ይከፈታል። ሞተር የለውም። በሩ ላይ እንደ ክንድ የተዘረጋ ትልቅ ግንድ አለ፤ ሰው ጀርባውን ሰጥቶ በእግሩ መሬቱን እየገፋ ይከፍተዋል። ውሃው እኩል ካልሆነ ግን አሥር ወጠምሻ ቢደገፈው ንቅንቅ አይልም።

ስዋይንፎርድ የሚባለው የመጀመሪያው ሎክ ላይ ስንደርስ ልጄ እንደ ልማዷ “አንቺ ተቀመጪ” አለችኝ። በቤቷ ሦስት ወር ሙሉ የሰማሁት ቃል ነው። ዕቃ ላጥብ ስል ማሽን አለ። ልብስ ልጠፍ ስል “ተዪው እማዬ”። ልጆቹን ከትምህርት ቤት ላምጣ ስል መንገዱ ያደናግርሻል። ክፉ ስለሆነች አይደለም፤ እኔን ማሳረፍ ክብር መስሎ ይታያታል። እኔም ለእናቴ እንደዚያው አደርግ ነበር። ግን እጅ አምባር ብቻ ሊሸከም አልተፈጠረም። አማቼ ጀልባዋን ይዟል፣ ትልቁ ገመዱን ይዟል፣ ትንሿ አቅም የላትም፤ በሩ ደግሞ ሁለት ክንፍ ነው፣ ሁለት ሰው ይፈልጋል። ከጀልባዋ ወረድኩና በወዲያኛው ግንድ ላይ ጀርባዬን ሰጠሁ። ልጄ በወዲህኛው። መካከላችን ውሃ ነው። ገፋሁት፣ እምቢ አለ። “ገና ነው እምዬ!” አለ ትልቁ ከታች፣ በአማርኛ። ጠበቅሁ። በኋላ ግንዱ ራሱ እንደ መተንፈስ አለና ተላቀቀ። እንዲህ ያለ ደስታ ካየሁ ቆይቻለሁ።

ሁለተኛው ሎክ ሶልትፎርድ ላይ ነው። የኤቨን ወንዝ ሎኮች ሰፋፊ ስለሆኑ ሁለት ናሮውቦት ጎን ለጎን ይገባሉ። አጠገባችን የገባችው ጀልባ ላይ አንዲት ሴትና አንድ ሽበታም ውሻ ብቻ ነበሩ። ሴትየዋ በዕድሜ ከእኔ ብትበልጥ እንጂ አታንስም። ጣሪያው ላይ እንጨት፣ ብስክሌትና በቆርቆሮ የተተከለ ቲማቲም አለ። ለሽርሽር እንዳልሆነች ያስታውቃል፤ መኖሪያዋ ነው። እንዲህ የሚኖሩ ሰዎች በእንግሊዝ ቦዮች ላይ ብዙ ናቸው። ውሃው እስኪሞላ ድረስ ተጨዋወትን። ሁለት ልጆች አሏት። ታዲያ ለምን ብቻሽን ትኖሪያለሽ ብዬ ጠየቅኋት፤ በእኛ አገር የማይጠየቅ ጥያቄ አይደለም። አልከፋትም። ልጆቿ ቤታቸው ክፍል እንዳዘጋጁላት፣ ክፍሉም ጥሩ እንደሆነ ነገረችኝ፤ “ግን እዚያ ቤት ውስጥ እኔ የምሠራው ነገር የለም” አለች። ቀጥላ “ክረምቱ ግን ከባድ ነው፤ እንጨት መፍለጥ እየከበደኝ ነው” አለችኝ። ይህንንም አልደበቀችም። በሩ ሲከፈት እጇን አወዛወዘችና ቀደመችን። ልጄ ከኋላዬ ሆና ሁሉንም ሰምታለች።

እኔ ያቺን ሴት አላደነቅኋትም፣ አላዘንኩላትምም። ብቻዋን መሆኗ ከብዶኛል። እኔ ሌሊት ስወድቅ ጩኸቴን የሚሰማ ግድግዳ አለኝ፤ እሷ ያላት ውሻ ነው።

ያን ቀን ሶልትፎርድ ዳር አደርን። ጀበናዋን በጀልባዋ ትንሽ ምድጃ ላይ ጣድኳት። ቡናውን ስቆላ ጭሱ የጭስ ማስጠንቀቂያውን አስጮኸው፤ አማቼ ፎጣ ይዞ ሲያራግብ፣ ልጆቹ ጆሯቸውን ይዘው ሲስቁ፣ ሦስተኛው ሲኒ ሳይደርስ መሸ። በዚያ አካባቢ ድሮ የናስ ፋብሪካዎች ነበሩ፤ የወንዙ ውሃ መዶሻቸውን ያንቀሳቅስላቸው ነበር። አንዱ እስከ እ.ኤ.አ. 1925 ድረስ ሠርቷል፤ ሕንፃው አሁንም ቆሟል። ከዚህ ሸለቆ የወጣው ናስ ድስትና አምባር እየሆነ በብሪስቶል መርከቦች ወደ ምዕራብ አፍሪካ ሄዶ በሰው ተለውጧል። ይህን ለትልቁ ነገርኩት፤ በትምህርት ቤት የባሪያ ንግድን ተምሯል፣ የናሱን ግን አልሰማም ነበር። ትንሽ ቆይቶ “እምዬ፣ ይህ ወንዝ ያምራል ግን” አለ። አዎ፣ ያምራል።

በማግስቱ የኬልስተንን ሎክ ካለፍን በኋላ በስተግራ አንድ ክብ ኮረብታ ታየ፤ አናቱ ላይ ብቻ ዛፍ ተሰብስቦበታል። ልጄና እኔ እኩል ተያየን። ቤተ ክርስቲያን ያለበት ይመስላል። የለበትም፤ ዛፍ ብቻ ነው።

ኒውብሪጅ በሚባለው ድልድይ አጠገብ ጀልባዋን አሰርናትና ዳገቱን በእግር ወጣን። ይህ የኔ ጥያቄ ነበር። ከዚያ በላይ ባለው መንገድ ዳር ፌርፊልድ የሚባል ቤት አለ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከማይጨው በኋላ፣ ሰኔ 1928 ዓ.ም. በጄኔቫ ንግግራቸውን አድርገው፣ ባዝ መጥተው ይህን ቤት ገዙ። እስከ ሰኔ 1932 ድረስ በስደት የቆዩት እዚህ ነው። ከዚህ ተነስተው በሱዳን በኩል አድርገው ሚያዝያ 27 ቀን 1933 አዲስ አበባ ገቡ። “ሕይወቴና የኢትዮጵያ እርምጃ” የተባለውን መጽሐፋቸውን ያስጻፉትም በዚሁ የስደት ዘመን በባዝ ነው።

ቤቱ ቤተ መንግሥት አይደለም። ጥሩ፣ ባለ አትክልት፣ የሀብታም ቤት ነው። ስለ ጃንሆይ ሰው የተለያየ ሐሳብ አለው፤ እኔም አብዮቱን በዓይኔ ያየሁ ነኝና የራሴ አለኝ፣ ዛሬ አላነሳውም። እኔ በዚያ አጥር ግቢ ቆሜ ያሰብኩት ሌላ ነው። ያን ጊዜ ከአገር የሚመጣው ወሬ ሁሉ መርዶ ነበር። የካቲት 1929 ራስ ደስታ ዳምጠው በጣሊያኖች ሲገደሉ ባለቤታቸው ልዕልት ተናኜወርቅ ከልጆቻቸው ጋር በስደት ላይ ነበሩ። ማን እንዴት አድርጎ ነገራቸው ይሆን? ወይስ እንደኛ እንደኛው ቀን እየተመረጠ፣ ሽማግሌ እየተፈለገ ነው?

ጃንሆይ እ.ኤ.አ. በ1958 ቤቱን ለባዝ ከተማ ሰጡት፤ ለአረጋውያን እንዲሆን። ለብዙ ዓመት መኖሪያቸው ሆኖ አገልግሏል፤ ዛሬም የአረጋውያን ማኅበር ቀን ቀን ይሰበሰብበታል። ከብዙዎቹ መካከል ከካሪቢያን ደሴቶች የመጡ አሉ። እኛ ስንደርስ አንዲት ባለ ባርኔጣ እናት ምርኩዛቸውን ይዘው ሲወጡ አገኘናቸው። ከየት እንደመጣን ነገርናቸው። ትንሿን አገጯን ይዘው “እንግዲያማ ቤትሽ ነው” አሏትና መኪናቸው ጠብቃቸው ስለነበር ሄዱ። ለሌሎች ሽማግሌዎች ማረፊያ የሰጡት ሰው ራሳቸው በ83 ዓመታቸው በደርግ እጅ እንደታሰሩ አለፉ። ወሩም ነሐሴ ነበር።

አማቼ ልጆቹን ይዞ ግቢውን ሊያሳያቸው ዞረ። ልጄና እኔ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥን።

“እዚህ የማስቀምጥሽ መስሎሽ ነው?” አለችኝ። “ከእኔ ጋር ነው እኮ የምልሽ።”

“አውቃለሁ።”

“ያቺ ሴትዮ ክረምቱ ከብዶኛል ብላለች።”

“እሱንም ሰምቻለሁ።”

ዝም አልን። ከዚያ እኔ ነገርኳት። ጥቅምት ላይ እመለሳለሁ። ቤቴ ሰፊ ስለሆነ ወይም የእሷ ስለጠበበኝ አይደለም። ረቡዕ የማኅበር ተራ ሲደርሰኝ ጠላ የምጠምቅ፣ የጎረቤቴን ልጅ እንግሊዝኛ የማስጠና፣ ለቅሶ ቤት የምፈለግ ሰው ነኝ። እዚህ ግን የምወደድ ሰው ብቻ ነኝ። እንዲህ ስላት እንባዋ መጣ። “መወደድ አይበቃም?” አለችኝ። ለዚህ መልስ አልነበረኝም፤ እጇን ያዝኩት። ቆይታ “አንድ ነገር ግን ቃል ግቢልኝ” አለች። “ብትወድቂ በዚያው ቀን ልስማ። ሌሊትም ቢሆን። ሥራ ላይም ብሆን።” ቃል ገባሁላት። እዚያው ስልኳን አውጥታ ለእህቴ ደወለች፣ እኔ እየሰማሁ አስማለቻት።

ዌስተን የሚባለውን ሎክ ማንም ብዙ ሳይናገር አለፍነው። ግንዱ ላይ ግን “አንቺ ተቀመጪ” ያለኝ የለም።

ባዝ በወንዝ ሲገባባት ፊቷን ቶሎ አታሳይም። መጀመሪያ የድሮ ፋብሪካዎችና አዳዲስ ሕንፃዎች፣ ከዚያ ድልድይ ከድልድይ ይቀጥላል፤ ከዚያ ድንገት ኮረብታው ሁሉ ማር የመሰለ ድንጋይ ይሆናል። ወንዙ እስከ ከተማዋ ድረስ ለጀልባ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1727 ነው። የመጀመሪያዎቹን ጀልባዎች ሰዎች ራሳቸው በገመድ ይጎትቷቸው ነበር፤ ፈረስ የመጣው በኋላ ነው። ጉዞው የሚያበቃው ፑልትኒ ድልድይ ሥር ነው። ድልድዩ ግራና ቀኙ በሱቅ የተሞላ ነው፣ ከላይ የሚሄድ ሰው ወንዝ እያቋረጠ መሆኑን ላያውቅ ይችላል። ከፊቱ ውሃው እንደ ፈረስ ኮቴ በተጠማዘዘ ግድብ ላይ ነጭ ሆኖ ይወርዳል። ከዚያ በላይ ጀልባ አያልፍም። ትልቁ ዘንጉን ይዞ ያቺን 18 ሜትር ብረት በአንድ ትንፋሽ አዞራት፤ ድልድዩ ላይ የቆሙ ቱሪስቶች አጨበጨቡለት።

ሮማውያን ወደ ሠሩት ፍል ውሃ ሄድን። 46 ዲግሪ ሙቀት ያለው ውሃ በቀን ከአንድ ሚሊዮን ሊትር በላይ ከመሬት ይወጣል፤ ከተማዋም ስሟን ያገኘችው ከመታጠቢያው ነው። እንፋሎቱን ሳየው ፍልውሃ ትዝ አለኝ። አዲስ አበባም ከተማ የሆነችው በፍል ውሃዋ ምክንያት መሆኑን ለልጆቹ ነገርኳቸው። ትንሿ “እዚያ መታጠብ ይቻላል?” አለች። ይቻላል አልኳት። “እዚህስ?” እዚህ ማየት ብቻ ነው። “እንግዲያው የእናንተ ይሻላል።”

ማታ እራት በልተን ልጄ የቀን መቁጠሪያ አወጣች። ልጆቹ ለገና ዕረፍት ሁለት ሳምንት ያህል አላቸው፤ ነገር ግን ታኅሣሥ 29 ከመድረሱ በፊት ትምህርት ሊከፈትባቸው ይችላል። ክረምት ላይ ይምጡ አልኩ። አማቼ “ዝናብ ነው እኮ እማማ” አለ። እንግሊዝ ያደገ ልጅ ዝናብ ይፈራል እንዴ? ልጄ ግን እስከ ክረምት መጠበቅ አልፈለገችም። “ፋሲካስ? የእኛ ፋሲካ በዕረፍታቸው ላይ ይውላል?”

በመስከረም አንድ በቤተ ክርስቲያን ይታወጃል፣ ግን እስከዚያ ማን ይጠብቃል። አባቴ በልጅነቴ ያስተማሩኝን ባሕረ ሐሳብ እስካሁን አልረሳሁትም። ወረቀት አምጡ አልኩ። ትልቁ ወረቀት ትቶ ስልኩን አወጣ።

“በመጪው ዓመተ ምሕረት ላይ 5500 ደምርበት” አልኩት።

ደመረ።

“ለ19 አካፍለው። ቀሪውን ንገረኝ።”